ቄጤማ ያልተጎዘጎዘበት እንቁጣጣሽ

ይድረስ ለልጄ ለዕዝራ፣ በሰው አገር፣ ኡስተር ከተማ።

በሄድክበት ሁሉ ሞገስ ይቅደምህ፤ ሰው አያሳጣህ። እኛ ክብር ለእሱ ይሁንና ደህና ነን። አባትህም ጉልበቱ ተሽሎት ጣና ዳር መውረድ ጀምሯል።

አንተ እዚያ በሥራህ የምትጠብቀውን የሐይቅ ዳር ሸምበቆ፣ ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን እስኪያስበርሩ ማንም አይነካውም ብለኸኝ አልነበር? ለዕድራችን ብነግራቸው ደስ አላቸው። ወንዙ ጣና የሚገባበት ረግረግ ውስጥ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ማጭድም ከብትም እንዳይገባ ተስማማን። ተባረክ ልጄ፣ ዘንድሮ ረግረጉ በወፍ ድምፅ ተሞልቷል።

ታዲያ እንቁጣጣሽ ሲደርስ፣ ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝና ቄጤማ ሳልጎዘጉዝ ዋልኩ። አክስትህ ትርፌ ይህን ሳትሰማ ከባሕር ዳር መጣች። በዓመት በዓል ወለሉን ባዶ ስታይ ቤቱ የሐዘን ቤት መሰላት፤ በሩ ላይ ቆማ «ወይኔ ዕዝራዬን!» ብላ ደረቷን ደቃች። ጎረቤቱም እያለቀሰ ገባ። «ኧረ ልጄ ደህና ነው!» ብል ማን ይስማኝ! እጇን ይዤ ረግረጉ ዳር ወስጄ ጫጩቶቹን ባሳያት ነው ያመነችኝ።

ስንቷ እናት የእውነት መርዶ ሰምታለች፤ እኔ ግን በሕይወት ላለ ልጄ ሲለቀስ ሰማሁ። ተመስገን አልኩ።

ውሃ ውስጥ ስትገባ ያ ረጅሙ ቦቲ አይለይህ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። አንድ ነገር ልለምንህ፦ መስቀል ደርሷል፣ ጫጩቶቹ ግን ገና አልበረሩምና ለመስቀልም ወለሉ ባዶ ሊውል ነው። እባክህ፣ ከበዓሉ በፊት ለአክስትህ ደውልላት።

እናትህ ጸሐይነሽ