ከሐይቁ ውሃውን የቀዳው ማን ነው?

ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣ ሞጣ

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ልጆቹስ? እኔ ከአሳብ በቀር ደኅና ነኝ። መሠረተ ትምህርት ጨርሰሽ በገዛ እጅሽ የጻፍሽው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ፊደልሽ ከእኔ ፊደል ይሻላል። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን ሌላ ሰው ስለሚያነብልሽ የደበቅሁሽ ነገር አለ። ይህን ግን ለብቻሽ አንብቢው። ፖስታ ቤቱን ስላላመንኩት በጎረቤትሽ በይርጋነሽ እጅ ልኬዋለሁ።

መጀመሪያ ደስታውን ልንገርሽ። ከጮቄ ተራራ ሐይቅ በመጣው ውሃ ውስጥ እስካሁን ማንም ያልመዘገባት ፍጥረት አገኘሁ። ዲያቶም ይሏታል፤ በዓይን አትታይም፣ ገላዋ እንደ ሙዳይ ከነክዳኑ ነው፣ ግን የመስታወት። ጠርዟ ላይ ያሉት ጭረቶች ከዘመዶቿ ሁሉ ይለያሉ። በማይክሮስኮፕ ቆጥሬ፣ ሥዬ፣ ለመጽሔት ጻፍኳት። መምህሬ አቅፎ ሳመኝ። የመጽሔቱ መሙያ ወረቀት ግን ውሃውን የቀዳው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። የራሴን ስም ሞላሁበት።

በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ባለቤትሽ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ከዚያ ሐይቅ ባዕድ እጅ አይቀዳም ብለው ከለከሉኝ። ጾመው፣ ዳዊት ደግመው፣ ራሳቸው ቀዱልኝ። እንዳይበላሽ ፎርማሊን የሚባል የሚከረፋ መድኃኒት የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ጠርሙሶቹን ተሸክመው እስከ ቢቸና ሸኙኝ። ኬላው ላይ ካድሬው አንዱን ከፍቶ አሸተተና መርዝ ነው፣ የከተማውን ውሃ ልትበክሉ ነው አለ።

«ማን ነው የቀዳው?» ሲለኝ «እሳቸው ናቸው» አልኩት።

እውነቴን ነበር። ስለ ፎርማሊኑ ግን ትንፍሽ አላልኩም። አየሽልኝ፣ አንቱታዬን እንኳ ሳልተው አሳልፌ ሰጠኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና ለካድሬው «ልጁ መንገደኛ ነው፤ ይሂድ» አሉት። እኔን ለቀቁኝ፤ እሳቸውን ወደ ጣቢያ ወሰዷቸው። ኪሴ ውስጥ አንዲት ጠርሙስ ቀርታ ነበር፤ ዛሬ የተመሰገንኩባት እሷ ናት።

ላንቺ ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛውረዋል ብዬ ጻፍኩ። ደጅ ትጠናላቸዋለህ ብለሽ አምስት ዓመት መረቅሽኝ። አሁን ደግሞ ሰዉ ተዝካራቸውን አውጪ ቢለኝም የአንተን ቃል አምኜ እምቢ አልኩ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እሱን አንብቤ ነው።

ትናንት ወረቀቱ ላይ ስሜን ሰርዤ የእሳቸውን ጻፍኩ። ይሄ የወረቀቱን ዕዳ እንጂ ያንቺን አይከፍልም። ይርጋነሽ የያዘችልሽን ጥቅል ልጆቹ በሌሉበት ፍቺው። ጋቢያቸው ነው። በተያዙ በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ብሄድ ጣቢያው ደጃፍ አስረከቡኝ። ይዤልሽ መምጣት ፈርቼ አልጋዬ ሥር አኖርኩት፤ ለማጠብም አልደፈርኩም።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ከእንግዲህ ለእኔ ምርቃት አትላኪልኝ። እታለም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

በእጅሽ ያደገው ወንድምሽ