እንድሪያስ የተሻገረው ባሕር

ኦክቶበር 4፣ 1997
ልብስ አጠብኩ። የምሠራበት ዌርሃውስ ነገም ኦቨርታይም አለ ብሎ ኮል አደረገ። እምቢ አልኩ። ግራንድ ፕሬሪ ድረስ በእሑድ? ቤተክርስቲያን እሄዳለሁ... ወገቤም ይረፍ።

ኦክቶበር 5
አየሁት። እንድሪያስን! ወፍሯል። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው ከቦት ያወራል። ለኮሚኒቲው ሊቀመንበርነት ይወዳደራል አሉ። እንዴት እንዳመለጠ ይተርካል፦
"ኢ ስልሳ አምስት ይሉታል መንገዱን። ከግሪክ ተነስቶ ስንት አገር አቋርጦ ፖላንድ ላይ ባሕር ይቆርጠዋል። ሶ፣ ከፕራግ ብቻዬን ነዳሁ፣ መኪናዬን መርከብ ላይ ጭኜ ስዊድን ገባሁ።"
ብቻዬን! እኔስ? ፕራግ አብረን አልተማርንም? እጮኛው አልነበርኩም? ወደቡ ላይ "ውሃ ግዢልን፣ ወሰንዬ" አለኝ። ስመለስ መርከቡ ወጥቷል። ፓስፖርቴ መኪናው ውስጥ... ያዙኝ። ወደ አገሬ መለሱኝ። "አገር ልትከጂ ነበር" ብለው አሰሩኝ። እዚያ የሆንኩትን እዚህም አልጽፈውም።
አላወቀኝም። እጄን ጨብጦ "እንዳትረሺኝ፣ እህቴ" አለኝ። ምረጪኝ ማለቱ ነው።
እንዴት ልርሳህ?

ኦክቶበር 9
ካርቶን ሳሽግ ፊቱ ይመጣብኛል። ልተወው? አይ። ይቅርታ ለጠየቀ ነው።

ኦክቶበር 12
ማይክ ይዞ ያንኑ ሲደግም ተነሳሁ።
"እንድሪያስ፣ ውሃውን ገዝቻለሁ። ማን ይጠጣው?"
አመድ መሰለ። "ወሰን... መርከቡ ሊሄድ ነበር። ምን ላድርግ?"
"ፓስፖርቴን ትጥልልኛለሃ!"
ሁሉንም ተናገርኩ። እስሩንም። ማይኩን ጥሎ ወጣ። ሚስቱ ፀዳለ፣ ልጇን እንዳቀፈች፣ ከወንበሯ አልተነሳችም።

ኦክቶበር 19
ከውድድሩ ወጣ። ቤተክርስቲያንም አልመጣም። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኦክቶበር 23
ከሥራ ስገባ ፀዳለ በሬ ላይ ቆማለች። ሻንጣና ህጻን ይዛ። ልትሰድበኝ መስሎኝ...
"ትቼው ወጣሁ። ማንም የለኝም" አለች። "እጮኛዬ መንገድ ላይ ሞተችብኝ ነበር ያለኝ። አልቅሶ ለምኖኝ ልጄን በስምሽ ጠራኋት።"
ህጻኗን አየኋት። ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ወሰንየለሽ!
ገድሎኝ፣ ከዚያ ስሜን...? እያለቀሰ? አልማርኩትም። አልምረውምም። አልጋዬን ለቀቅኩላቸው።

ኦክቶበር 24
ጠዋት ስልክ ጮኸ። እሱ ነው።
"ወሰንየለሽ እዚያ ናት?"
"የትኛዋ?" አልኩና ዘጋሁበት።
ህጻኗ ነቃች። ወተት አሞቅኩላት።