ከኋላ ወንበር ስለሚቀመጠው ባለቤቴ፣ ለግብር ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

ለተከበሩ የሠፈራችን ግብር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ዓይንዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ ደህና እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። ጉልበት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከታች እገልጽልዎታለሁ።

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የግል መኪናዬን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ መጋረጃ ለምትሰፋ ጎረቤቴ አከራያለሁ። ይህንንም ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በገዛ እግሬ መስኮት ቁጥር አራት ድረስ መጥቼ አስመዝግቤ ግብሬን በየጊዜው እከፍላለሁ። ያን ዕለት የመስኮቱ ሠራተኛ ቀና ብሎ ሲያየኝ ያመመኝ መስሎት ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ሳትጠራ የመጣች ግብር ከፋይ አንዳች ነገር ሳትደብቅ አትቀርም ብሎ ኖሯል። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ሳልጠረጥር አልቀርም።

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ መኪናዋን የምነዳው ራሴ ነኝ። ባለቤቴ የቤት ቀለም ቀቢ ነው፤ ባለፈው ዓመት ከመሰላል ወድቆ ጉልበቱ ውስጥ ብረት ገብቶለታል። እግሩን እንደ ልብ ማጠፍ ስለማይችል ከኋላ ወንበር ላይ ዘርግቶት ይቀመጣል፤ እኔም ጉልበቱን ወደሚያለማምዱለት ሐኪም ቤት አደርሰዋለሁ። ሕክምናው ከተቋረጠ እግሩ እንደ ደረቀ ይቀራል ተብለናል። ለቀለም ቀቢ ይህ ማለት መሰላልን እስከ ወዲያኛው መሰናበት ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፦

1. ተቆጣጣሪ ስለመደቡልን አመሰግናለሁ። አሥራ አንድ ቀን ተከታትሎን የጻፈው ሪፖርት ቅጂው ደርሶኛል። እንዲህ ይላል፦ «ተሳፋሪው ዘወትር ከኋላ ይቀመጣል። መንገዱን ሙሉ ከአሽከርካሪዋ ጋር አንድም ቃል አይለዋወጥም። ስለዚህ ዝምድና የላቸውም፤ ደንበኛ ነው።» ክቡርነትዎ፣ ተቆጣጣሪዎ ትዳር ያልያዘ ሰው መሆን አለበት። እንደ እኛ ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ቢኖር ኖሮ፣ ዝም ብለው የሚሄዱትን ባልና ሚስት፣ እየተጫወቱ የሚሄዱትን ደግሞ ሹፌርና ደንበኛ ብሎ ይጽፍ ነበር።

2. በዚሁ ሪፖርት መሠረት ሦስቱ የሐኪም ቤት ቀናት የኪራይ ቀናት ተብለው ግብር ተጨምሮብኛል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን ይዤ ብመጣ፣ ባል መሆኑ ከፋይ ከመሆን አያግደውም፣ ላለመክፈሉ ደረሰኝ ያምጡ ተባልኩ። መዝገብ ቤት ስሠራ ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ ያልተከፈለ ገንዘብ ደረሰኝ ግን አላጋጠመኝም።

3. ጭማሪውን ካልከፈልኩ ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ታርጋዬ እንደሚፈታ ተጽፎልኛል። የባለቤቴ ቀጠሮ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ነው። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ሐሙስ እንዴት ተመረጠ? አጋጣሚ ነው ይሉኝ ይሆናል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና እኔ እጠረጥራለሁ። የመስኮት አራቱ ሠራተኛስ ጎማዎቹ አዲስ መሆን አለመሆናቸውን የጠየቀኝ ለግብሩ ስሌት ነው ወይስ ለሐራጁ?

ከሁሉ የከፋውን በቁጥር ማስቀመጥ አልቻልኩም። ባለቤቴ ሪፖርቱን ካነበበ ወዲህ ከኋላ መቀመጥ እምቢ ብሏል። ባሌ መሆኑ እንዲታይልን የማይታጠፈውን እግር እያጠፈ ፊት ወንበር ይገባል። ለምስክርነት ያህልም ያወራኛል፤ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስላለፍነው ቤት ቀለም። ጉድጓድ ስንደርስ ወሬውን ያቋርጥና ጥርሱን ይነክሳል፤ እኔም መሪ ይዤ አለቅሳለሁ። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ፤ ይህን በጨዋ አማርኛ ልሸፍነው አልቻልኩም።

ስለዚህ የሐሙሱ ትእዛዝ እንዲሰረዝልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። የጉልበቱን ራጅ አባሪ አድርጌያለሁ። ብረቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እሱም ያልተመዘገበ ንብረት ከተባለ ግብሩን ያሳውቁኝ።

የሦስት ቀን ግብር ከፍላ የስድስት ቀን የምትጠየቅ፣ ሳትጠራ በመምጣቷ ዘወትር የምትጸጸት፣
አክባሪዎ ጡረተኛዋ ባለመኪና

ማስታወሻ፦ ከኋላ እግሩን ዘርግቶ የሚሄድ ሰው የሚከተለውን ያያል። ባለቤቴ የተቆጣጣሪዎን መኪና ለይቷታል። የመሥሪያ ቤትዎ አይደለችም፤ የአንዲት የማውቃት ሴት የግል መኪና ናት፤ እሷው እንደነገረችኝ፣ ተቆጣጣሪዎ አሥራ አንዱን ቀን ያለ ደረሰኝ ነው የተከራያት። የሴትየዋን ስም ከእኔ አይጠብቁ። የመጨረሻውን ሁለት ቀን ስላልከፈላት መኪናዋን ከልክላዋለች፤ ስለዚህ ሐሙስ ታርጋ ሊፈታ የሚመጣው በእግሩ ነው። መንገድ ላይ ካገኘነው በነጻ እናሳፍረዋለን፤ የኋላው ወንበር ተለቅቆለታል። ብቻ እባክዎ፣ እየሄድን እንዲያጫውተን ይንገሩልን፤ ዝም ካለ ደንበኛ ይባልብናል።