የሚጮኸው መርፌ

ኅዳር 14 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ልደታ

ጓዳ የደበቅሁት ወንድሜ ሳሉ ብሶበታል። ጎረቤት እንዳይሰማው ቀኑን ሙሉ ሸክላ ሳጫውት የማጫወቻው መርፌ አለቀ። ዛሬ ጌጃ ሰፈር ራዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት መርፌ አወጣልኝ።

«ይሄ ርካሽ ነው፤ ግን ሸክላውን ይበላዋል። ይሄኛው ድምፁን ጥርት ያደርገዋል» አለኝ።

«የበለጠ የሚጮኸው የቱ ነው?» አልኩት ሳላስበው።

ለካ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ከኋላዬ ቆሟል። ሳቀ።

«ሙዚቃ እንዲህ ትወጃለሽ እንዴ፣ እህቴ? ጥሩውን ግዢ። እሁድ ቤትሽ መጥቼ አብረን እንሰማለን።»

ጥሩውን ገዛሁ። ቤት ገብቼ ለወንድሜ ነገርኩት። ሳሉን በትራስ አፍኖ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ባታውቂው ይሻልሻል» አለኝ።