የሰማያዊው መብራት ጾም

ለባለቤቴ ለታደገ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ አንተ ካለህበት ብርድም የመብራት መቆራረጥም የለም። የሚበርደኝም የምጨነቀውም እኔ ነኝ። ከተለየኸኝ ዓመት ሞላህ፤ ሙት ዓመትህን ትናንት አወጣን። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም፤ ከጎረቤት የተዋስነው ድስትም አልተመለሰም። እኔ ግን ሥራውን ሁሉ ለሰው ትቼ፣ ወንበሬን ስቤ ከጣውንቴ ፊት ተቀምጫለሁ።

ጣውንቴ የምላትን አልረሳሃትም መቼም። የሳሎናችንን እኩሌታ ይዛ የቆመችውን የመስታወት ገንዳህን ነው። ሌላ ሴት ቢያመጣብኝ ፀጉሯን እነጭላት ነበር፣ የባሕር ውኃ ግን ምኑ ይነጫል እያልኩ በሰው ፊት ስከስህ ትስቅ ነበር። እኔም እስቃለሁ፤ ልቤ ግን እንደ አፌ አይስቅም ነበር። ከትምህርት ቤት ደክሞኝ ስገባ በመስታወቱ ላይ አጎንብሰህ አገኝሃለሁ፤ ራት ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አትነሣም። አሁን አንተ ሄድክና እኔና እሷ አንድ ጣሪያ ሥር ቀረን። ባላቸው ሲሞት ጣውንቶች እርስ በርሳቸው ካልሆነ ማን አላቸው?

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለጨዋታ አይደለም። ኮራሎችህ አለቁብኝ ታደገ። ድንጋይ የሚመስለው ሁሉ ድንጋይ አይደለም፣ ነፍስ አለው እያልክ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የምታሳያቸው እነዚያ የባሕር ፍጥረቶች አንድ ባንድ ነጡና ሞቱ። የቀረችኝ ያቺ ጣት ጣት የምትመስለው አረንጓዴዋ ብቻ ናት። እሷም አረንጓዴ መባሏ ድሮ ቀረ፤ እንደ አጥንት ነጥታለች። ትኑር ትሙት እግዜር ይወቅ። እሷ ከሞተች ከእጅህ ሥራ በዚህ ቤት ውስጥ የሚተነፍስ ነገር አይቀረኝም። ዓሦቹ እንኳ አንተ ከሄድክ በኋላ የተፈለፈሉ ይመስል አያውቁህም።

ነገሩ የጀመረው በለቅሶህ ዕለት ነው። ሰው ግቢውን ሞልቶ ሳለ መብራቷ እንደ ልማዷ በሰዓቷ በራች። ታይመር ሰው መሞቱን በምን ያውቃል! ሳሎኑ ሰማያዊ ሆነ፤ የአልቃሹ ፊትም ነጠላውም ሰማያዊ ሆነ። ከዳባት የመጣችው እህትህ እቴቴ ውባለም ደረቷን እየደቃች ነበር፤ ቀና ብላ ስታይ ድምፅዋ ተቋረጠ። ኧረ በማርያም፣ በሐዘን ቤት የጭፈራ ቤት መብራት ይበራል እንዴ፣ ሰውስ ምን ይለናል አለች። የእድሩ ሽማግሌዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷው ተነሥታ የመብራቷን ሶኬት ነቀለች፤ ከአልጋችን ላይ ጋቢ አንሥታም ገንዳዋን አለበሰቻት። አርባህ እስኪወጣ ድረስ እንደዚያ ከረመች። ፓምፑንና ማሞቂያውን ማንም ስላልነካቸው ዓሦቹ ተረፉ። እኔ ፍራሽ ላይ ፊቴን ሸፍኜ፣ ከጋቢው ሥር ውኃው ሲንሿሿ እሰማ ነበር።

በእቴቴ አልፈርድባትም፤ አንተም አትፍረድባት። አንተ ምጽዋ ባሕረኛ በነበርክ ጊዜ፣ መንግሥት ሲለወጥ ወሬህ ጠፍቶ ሞተ ተብሎ እንደተለቀሰልህ ታውቃለህ። ፀጉሯን የተላጨችልህ እሷ ናት፤ ተዝካርህን ያወጣችውም እሷ ናት። በየመን አድርገህ፣ በሱዳን ዞረህ፣ በመተማ ገብተህ ዳባት ስትደርስ መጀመሪያ ያየችህም እሷ ናት፤ መንፈስ መስለሃት ማድጋዋን ጥላ ሮጠች። ያን ታሪክ በየሠርጉ እያነሣህ ሰውን ስታስቅ፣ እሷ አንድም ቀን ስትስቅበት አላየሁም። ለእሷ ባሕር ማለት ወንድሟን አንድ ጊዜ የበላ ነገር ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስታለቅስልህ ያ ባሕር ሳሎን ገብቶ ሲያበራ አየች። እኔም ብሆን እነቅለው ነበር።

አርባህ ወጥቶ ጋቢውን ስናነሣ፣ መብራቷን ብሰካ ብነቅል እንቢ አለች። ከውኃው የሚወጣው ጨው ሆዷን በልቶት ኖሯል። እጅህ ሳይደርስባት ከርማ ኩርፊያ የያዛት መሰለኝ። ያቺን መብራት ለመምረጥ የፈጀህበትን ጊዜ አስታወስኩ። መጀመሪያ ከገበያ ረጅሟን ነጭ መብራት ገዝተህ ሰቀልክ፤ ቤቱ ደመቀ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ውኃው ግን የክረምት ኩሬ ሆኖ አረንጓዴ አልጌ አበቀለ። ያኔ ነው ተማሪህ አድርገህ ያስቀመጥከኝ። በባሕረኝነትህ ጊዜ ቀይ ጨርቅ በገመድ አስረህ ወደ ባሕር ስትሰድ፣ ጥቂት እንደወረደ ጥቁር መስሎ እንደታየህ ነገርከኝ። ባሕር ከብርሃን ቀዩን አስቀድማ ትውጠዋለች፣ እታች የሚደርሰው ሰማያዊው ነው፣ ኮራልም የለመደችው እሱን ነው አልክ። ለዚህ ነው ሰማያዊውና ነጩ ለየብቻ ማዞሪያ ያላቸውን መብራት ካላገኘሁ ብለህ አዲስ አበባ ድረስ የሄድከው። ለአንድ መብራት እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ለሚስቱ ቀሚስ ሲመርጥ የቱንም ይዞ ይመጣል ብዬ ያማሁህ ያኔ ነው።

ሥርዓትዋንም ታውቃለህ፤ እኔ ግን ስጽፈው ደስ ይለኛል። ጠዋት ሰማያዊው ብቻ፣ እንደ ጎህ። ረፈድ ሲል ነጩ ይጨመርባታል። ከሰዓት በኋላ ነጩ ይቀነሳል፤ ማታ ሰማያዊው ይቀራል፤ ከዚያ ድቅድቅ ጨለማ። ጨለማም ምግቧ ነው ትል ነበር። የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር አምሽቶ ሊያያት በመጣ ጊዜ እንኳ አላበራህለትም፤ ተኝታለች ብለህ መለስከው። እኔ ከአለቃዬ ፊት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

የመብራቷን መሞት ለልጃችን ለሙሉቀን ነገርኩት። ከባሕር ዳር ሌላ መብራት ገዝቶ መጣ። ባለ ሱቁ ያለውን ሁሉ አስመርጦት፣ ከሁሉ ብርቱዋን፣ እጥፍ የምታበራውን ገዛ። ለአባቴ ነገር አልሰስትም አለ። ገንዳዋ አጠገብ፣ ከውኃው ብዙም ሳያርቅ ሰቀላትና ሁለቱንም ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ለቀቃቸው። ስንት ቀን ጨለማ ውስጥ የከረመች ገንዳ ቦግ ስትል እኔም ልጅህም አለቀስን። የሞትክ ቀን ያላለቀስነውን ነው ያለቀስነው።

ኮራሎቹ ወዲያው መንጣት ጀመሩ። ጨለማው ያደከማቸውን ብርሃኑ ጨረሳቸው። ኮራል ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ፣ ብርሃኑን ወደ ምግብ የሚለውጡላት ቀለሟም የሆኑ ጥቃቅን ነገሮች አሉ ብለኸኝ ነበር። ጨለማ ሲበዛም ብርሃን ሲበዛም ጥለዋት ይወጣሉ። እኔ ግን የነጡት ብርሃን ጎድሏቸው ነው ብዬ፣ ታይመሩን እያስረዘምኩ እስከ ማታ አበራላቸው ነበር። ለተራበ ሰው ምግብ ሲያንቀው ሌላ ጉርሻ እንደ መጨመር ነው።

የነቃሁት በፋሲካ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ልንገድፍ ስንቀመጥ፣ ሙሉቀን ዶሮውን ሊያነሣ እጁን ሲሰድ፣ እንደ አንተ ቆጣ ብዬ መጀመሪያ ተልባውን ጠጣ አልኩት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ክው ብዬ ቀረሁ። ኮራሎቹን ከአዲስ አበባው ሆቴል ያመጣህ ጊዜ ትዝ አለኝ። ሆቴሉ ገንዳውን ሲያፈርስ ለምነህ፣ በሣጥን አሽገህ፣ መንገዱን ሁሉ በጭንህ ይዘህ መጣህ። መብራቷን ግን ከጣሪያው ወራጅ ሥር ሽቅብ ሰቀልካት፤ ማዞሪያውንም በጭላንጭል ተውከው። ለገንዳዋ ነው ወይስ ለሸረሪቶቹ የምታበራው ብዬ ሳቅሁብህ። ከጨለማ ሣጥን የወጣ ጾመኛ ነው፣ መጀመሪያ ተልባ ነው፣ ጮማው ይደርሳል አልከኝ። ከዚያ ሰንሰለቷን ቀለበት በቀለበት እያወረድክ፣ ማዞሪያውን እያላላህ፣ ቀስ በቀስ አቀረብካት። ነገሩ ዓይኔ እያየ የተደረገ ነው፤ እኔ ግን ያኔ የማየው አንተን እንጂ መብራቷን አልነበረም።

ሙሉቀን በበዓል ልብሱ መሰላል ወጥቶ መብራቷን ሽቅብ ሰቀላት። ሰማያዊውን በጭላንጭል ተውን፣ ነጩን ጨርሰን ዘጋን፣ ሰዓቷንም አሳጠርን። የሞቱት አልተመለሱም። ጣት ጣቷ ብቻ አለች፤ አትሞትም፣ አትድንምም። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ከረምን። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆመህ ጉሙ ገደሉን ሲሞላው ባሕር ባሕር የምትለውን ዘንድሮ ብቻዬን ሄጄ አየሁት። ጉም ነው ታደገ። አንተ ከሌለህ ጉም ነው።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ እቴቴ ቀድማ መጣች። ዓይኗ ገንዳዋ ላይ ነበር። ሳሎኑ ለቀሳውስቱ አይበቃም፣ ይህን ውኃ አፍስሱት፣ አንዷ ነጭ ድንጋይ ቀርታ ምን ይሠራል አለች። በነገር እንዳልረታት ታላቅ ናት። አረንጓዴዋ እስኪለይላት አልነካትም አልኩና ማድቤት ገብቼ ሽንኩርት ላይ አለቀስኩ፤ ሽንኩርት ደግ ነው፣ ሰው አይጠይቅበትም። ከዚያ በኋላ አፍስሱት አላለችም። ጠዋት ጠዋት ግን ማዞሪያውን ስነካ ከኋላዬ እየቆመች ታይ ጀመር። አንድ ቀን ለምን አታበሪላትም፣ ዓይኑን እንዳመመው ሰው አጨለምሽባት አለችኝ። የጾሙንና የተልባውን ነገር እንዳንተ አድርጌ ነገርኳት። ከዚያ ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የጾመችው ብላ ጠየቀችኝ። ጋቢው ከተጣለባት ጀምሮ ነው ማለት አቃተኝ፤ እሷም አልደገመችም። የተረዳች ይመስለኛል።

በዋዜማው ማታ መብራት ሄደ። ፓምፑን ያንተው ባትሪ ይዞልኝ አደረ። ንጋት ላይ መብራት ሲመጣ ታይመሩ ሰዓቱን ስቶ፣ መብራቷን ያለ ጊዜዋ ሊለቃት ሆነ። ነቀልኩት። በእጅ ማብራት አለብን፤ እኛ ደግሞ ለቅዳሴና ለፍትሐት መሄዳችን ነው። በራፉ ላይ ስዋልል እቴቴ ጉልበቴን ይዞኛል፣ እናንተ ሂዱ አለች። ላንተ የሚደረግ ጸሎት ያመለጣት ቀን የለም፤ ጉልበቷም ከእኔ ጉልበት ይሻላል። ማዞሪያውን አሳየኋት፤ ሰማያዊው እስከዚህ፣ ነጩን እንዳትነኪው አልኳት።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሳሎኑ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀን። የእድሩ ሽማግሌዎች ደፉ ላይ ቆም አሉ፤ ያለፈውን ያስታወሱ መሰለኝ። እቴቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ አንድ እጇን ማዞሪያው ላይ አድርጋለች፤ ከሄድን ጀምሮ ያነሣችው አይመስለኝም። ሳትነሣ፣ ግቡ እንጂ ምን ትገተራላችሁ፣ የወንድሜ መብራት ነው አለቻቸው። ገቡ። ሳልፍ ቀሚሴን ያዘችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ቀስ አድርጌ ነው ያስገደፍኳት፣ ተልባ ብቻ ነው የሰጠኋት አለችኝ። እንደ ሽንኩርቱ ዕለት ሳልደበቅ፣ በሰው ፊት አለቀስኩ።

ሰው ከወጣ በኋላ ጣት ጣቷን ቀርቤ አየኋት። ጫፏ ላይ አረንጓዴ ነገር ያየሁ መሰለኝ፤ ወይ ደግሞ ዓይኔ የተመኘውን ነው። እቴቴ አየሁ ትላለች፤ ሙሉቀን ምንም የለም ይላል። አላውቅም። ብቻ ትኑርም ትሙትም፣ እኔ እስካለሁ ድረስ በየጠዋቱ ሰማያዊውን አስቀድሜ፣ ነጩን ቀስ ብዬ አስከትዬ አስታውስሃለሁ። ማታም በሰዓቷ አጨልምላታለሁ፤ ርዕሰ መምህሩ ቢመጣም አላስመሻትም።

እቴቴ ወደ ዳባት አልተመለሰችም። ይኸው አሁን ከኋላዬ ቆማ፣ የመተኛ ሰዓቷ አልደረሰም ወይ፣ ምን ትጽፊያለሽ ትለኛለች። ደርሷል። ልነሣና ላጥፋላት።

ያንተው እናትነሽ
ደባርቅ