መሰላል ያዦች

ለናፈቅከን ታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታችን ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ አንተ ብቻ ራስህን ጠብቅ።

የሥራ ባልደረቦችህ «የከተማህን ሰዎች ለምን መሰላል ያዦች ይሏቸዋል?» እያሉ እንደሚስቁብህ ጽፈህልኝ ነበር። አባዬን ጠየቅኩልህ። በቅድመ አያቶቻችን ጊዜ ወንዙ ገንፍሎ ከተማውን ሲያጥለቀልቀው፣ ሰው ሁሉ በመሰላል ወደ ጣሪያ ወጣ። መሰላሉ ጭቃው ላይ እንዳይንሸራተት ታች ሆኖ የሚይዝ ያስፈልግ ነበርና፣ ታች የቀሩት ያዦች «አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም» ሲባባሉ ውሃው አንገታቸው ደረሰ። ስሙን ያወጡልን የወንዙ ማዶ ሰዎች ናቸው፣ ሊቀልዱብን።

«ስድብ መስሏቸው ነው» አለኝ አባዬ፣ ትራሱን ከፍ ሳደርግለት። «ያዥ ማለት እኮ መጨረሻ የሚወጣው ሰው ነው።»

አልጋውን ወደ ሳሎን አምጥተነዋል። «መንገደኛ እያየሁ ልጫወት ብዬ ነው» ይላል፤ ስትደውል አንተም እመነው።

ትናንት እንደ ወትሮው ክረምቱ ሳይገባ መሰላሉን ሞከርነው። አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዘልን፤ እማዬ ወጣች፣ እኔም ተከተልኩ። እማዬ ከላይ ሆና «በል እንግዲህ፣ ተራው ያንተ ነው» አለችው እየሳቀች።

«ተይኝ ባክሽ፣ እኔ እዚሁ ይመቸኛል» አላት።

ሁለታችንም ከጣሪያው ቶሎ አልወረድንም።

ደመናው ዘንድሮ ቀድሞ መጥቷል። የዓመት ፈቃድህ መቼ ነበር? ደግሞ ስፖርት ጀምረሃል ሲሉ ሰማሁ። ለመሆኑ ሰው አዝለህ መሰላል መውጣት ትችላለህ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ከሁላችንም፣ ይልቁንም ታች ካለው፣ ሰላም ሁን።

እህትህ