ሰማያዊው ካርቶን፣ ቀዩ ካርቶን

ጥር 12

ቢሮው ቀዝቃዛ። ሻይ ሁለቴ። ከአውቶቡስ ጋራዡ ዘጠኝ የፈተና ወረቀት መጣ፤ ለፈረቃ አለቃነት የሚወዳደሩ መካኒኮች። መቶ ሃያ ጥያቄ፣ እውነት ወይም ሐሰት። «ሰው ሲቆጣኝ ዝም አልልም።» «ብዙ ሰው ባለበት መናገር ደስ ይለኛል።» ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያው ናቸው፤ በቃሌ እወጣቸዋለሁ።

ሥራዬ ከባድ አይደለም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ካርቶን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣለሁ፤ በቀዳዳዎቹ የሚታዩትን ምልክቶች እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ካለው ሰንጠረዥ ቁጥሩ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሆነ አነባለሁ። ለወንድ ሰማያዊው፣ ለሴት ቀዩ። «ጋሽ ካርቶን» ይሉኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል።

ቁጥር 7 ጉድ ነው። አሥራ ዘጠኝ! «ቆራጥ፤ ሰው ለመምራት የሚሆን።» ከዘጠኙ የሚደርስበት የለም።

ጥር 13

ቁጥር 7 ሴት ናት።

ጸሐፊዋ ናት እየሳቀች የነገረችኝ። «ጋሼ፣ ጋራዥ ውስጥ አንዲት ሴት እንዳለች አያውቁም እንዴ? ያቺ ቀጭኗ፣ ሞተር ክፍል ያለችው!» አውቃለሁ እንጂ። አውቶቡስ ሥር ገብታ እግሯ ብቻ ሲታይ ስንቴ አልፌያለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን ስም የለ፣ ቁጥር ብቻ... ከወንዶቹ ጋር ስትመጣ ወንድ አደረግኳት።

ቀዩን ካርቶን አውጥቼ እንደገና ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ። ሰንጠረዡ ግን፦ «ግትር፤ ከሰው ጋር ለመሥራት የምትቸገር።» የትናንቱን በላጲስ አጠፋሁ፣ ይህን ጻፍኩ። ደንቡ ነው።

ካርቶኖቹን ግን ወደ መሳቢያው አልመለስኳቸውም።

ጥር 14

ሁለቱን ካርቶኖች ደራርቤ ወደ መስኮቱ አነሳኋቸው። ብርሃኑ በሁሉም ቀዳዳ አለፈ። አንድም የተደፈነ የለም።

ቀዳዳው አንድ ነው! ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፣ ያው ቁጥር። የሚለየው ጠርዙ ላይ የተጻፈው ቃል ነው። እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት የወንድና የሴት ጠባይ የምለካ ይመስለኝ ነበር... ደራርቦ ማየት እንዴት አንድ ቀን እንኳ አይመጣልኝም? ስንፍና ነው። ሌላ ስም የለውም።

ጥር 16

ለአለቃዬ ነገርኩት። አልገረመውም። «የሴቶች አማካይ አሥራ ሁለት ነው፣ የወንዶች አሥራ ስድስት። አሥራ ዘጠኝ ለሴት ይበዛል» አለኝ። ቀጥሎ፣ «ለመሆኑ ጡረታህ ስንት ወር ቀረው?» ስምንት። «እንግዲያው በሰላም ውጣ፣ ወንድሜ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ይበዛል... ለምኑ? ሞተር ለመፍታት? ሰው ለማሰማራት? ይህን መጠየቅ የመጣልኝ ደረጃውን ስወርድ ነው። ሁሌም እንደዚህ ነኝ፤ መልሴ ደረጃ ላይ ነው የሚደርስብኝ።

ጥር 20

የሹመት ስብሰባ። ቁጥር 7 ስትነሳ አለቃዬ የእኔን ጽሑፍ አነበበ፦ «ግትር።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። አፌን ከፈትኩ... ሳል መጣ። ሳልኩና መልሼ ዘጋሁት። አሥራ ስድስት ያመጣው ሰውዬ ተሾመ። ደህና ሰው ነው፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ያፈርኩት በራሴ ነው።

ጥር 21

ለባለቤቴ አወራኋት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ ከዚያ ቀና ሳትል፣ «የልጅህንስ? የእሷን በየትኛው ነበር ያየኸው?»

በቀዩ ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የባቡር ነጂዎች ትምህርት ቤት ልትገባ ፈለገች። ቅጹ የአባት ፊርማ ይጠይቃል። ቆይ፣ መጀመሪያ ጠባይሽን እንይ ብዬ ፈተናውን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሰጠኋት። እንደ ጨዋታ... አሥራ ስምንት አመጣች። «ግትር» ይላል። «ቁጥር አይዋሽም፣ ልጄ። ከሰው ትጣያለሽ፤ ረጋ ያለ ሥራ ፈልጊ» አልኳት። አልፈረምኩም።

አላለቀሰችም። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥማ ፊቴ አስቀመጠችው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አሁን መነጽር ቤት ትሠራለች። እዚህ የምትመጣው ለበዓል ነው፣ ያውም እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው የምትሄደው።

ጥር 22

ወረቀቷ ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አለ። ለምን እንዳስቀመጥኩት እንጃ። ሰማያዊውን ካርቶን አደረግኩበት። አሥራ ስምንት። «ቆራጥ።»

ምን አደረግኩ እኔ?

ጥር 24

መነጽሬ ምንም አልሆነም። ብሎኑን በቢላ ፈታሁት።

ጥር 25

ሱቋ ሄድኩ። ተራዬን ጠብቄ ቆምኩ። መነጽሩን ተቀብላ ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«አባዬ፣ ይህን ብሎን ማነው የነካካው?»

«ራሱ ነው የላላው።»

«ራሱ ነው በቢላ የተጫረው?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ካርቶኖቹን፣ መስኮቱን፣ ሳሌን ሳይቀር። ብሎኑን እያጠበቀች ሰማችኝ፤ አላቋረጠችም። «አጠፋሁ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አልኩ። ለማንም ብያት የማላውቃት ቃል ናት።

«አባዬ... ያን ቀን እኮ እውነቱን አልሞላሁም።»

«እንዴት ማለት?»

«አንተን ደስ የሚልህን ነዋ የሞላሁት! እቆጣለሁ፣ እከራከራለሁ የሚለውን ሁሉ ሐሰት፣ ሐሰት እያልኩ አለፍኩት። ጨዋ መስዬ ነበር። እንዲያም ሆኖ ግትር ወጣሁ።»

ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። አሥራ አንድ ዓመት ልጄ ናት ብዬ ያስቀመጥኩት ወረቀት እሷ አይደለችም። በሰማያዊውም አይደለችም፣ በቀዩም አይደለችም።

«እውነቱስ ምን ነበር?» አልኳት።

«እሱን በአፍህ ብትጠይቀኝ ኖሮ...» አለችና መነጽሩን አደረገችልኝ። ጆሮዬ ላይ አስተካከለችው። ሌላ ደንበኛ መጣ።

የካቲት 2

ጋራዥ ወረድኩ። ቁጥር 7 ከአውቶቡስ ሥር ወጥታ እጇን በጨርቅ ጠረገች። ነገርኳት። ጨርቁን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

«አሁን ነው የሚነግሩኝ?»

«አዎ፣ አሁን ነው።»

«ይጽፉልኛል?»

ለቅሬታ ሰሚ ሁለት ገጽ ጻፍኩላት። በሁለቱ ካርቶኖች የወጣውን ጎን ለጎን አስቀምጬ ፈረምኩ። የልጄ ቅጽ ነው ትዝ ያለኝ። አለቃዬ ሰላምታ ትቷል። ጉዳዩ ይታያል ተብሏል። ቦታው ግን ተይዟል... ይመልሱላት ይሆን? ቀድሜ ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር።

የካቲት 9

ልጄ መጣች። በዓል የለም፣ የታመመ የለም፣ እንዲሁ መጣች። ወንበሩን ስባ ጠረጴዛው ላይ ክርኗን አሳረፈች።

«ያን ፈተናህን አምጣው እስቲ። አንተ ሞልተኸው ታውቃለህ?»

ለካስ ሞልቼው አላውቅም! የስንቱን ሰው ጠባይ ስጽፍ ኖሬ...

እሷ ታነባለች፣ እኔ እመልሳለሁ። እውነት ወይም ሐሰት ብቻ አይበቃትም፤ «ለምን?» ትላለች። መልሼ፣ «አንቺስ?» እላታለሁ፤ ትነግረኛለች። ባቡር ሲያልፍ ዛሬም ቆማ እንደምታይ ነገረችኝ። እንዳልሰማ ሆኜ አላለፍኩትም።

«ጥያቄ አሥራ አራት» አለች። «ስህተቴን ለማመን አይከብደኝም። እውነት ወይስ ሐሰት?»

«ሐሰት በል!» ብላ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ጮኸች።

«ሐሰት» አልኩ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምልክቱን አደረገች። «ስንት መጣልኝ?» ብላት፣ «እኔ ካርቶን የለኝም፣ አባዬ» አለች።

እዚያ ላይ ተነሳች፤ አውቶቡስ እንዳያመልጣት። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመችና ወረቀቱ ላይ አጋደመችው። የቀረውን እሑድ እንጨርሰዋለን ብላ ሄደች። ቆጠርኩት፤ መቶ ስድስት ጥያቄ ይቀረናል።